የቤታችንን ልማድ በምን እንለካው? የደሴና የአካባቢው ሰዎች ኑ እንነጋገርበት

የጦሳ ሥር (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞረውን መጠይቅ ሳታዩት አልቀራችሁም። «የዕለት ልማድህ ለተፈጥሮ ምን ያህል ይስማማል?» ይላል። በዓመት ስንቴ በአውሮፕላን ትሄዳለህ፣ ስንት መኪና አለህ፣ በብርድ ጊዜ ቤትህን በምን ታሞቃለህ፣ ሥጋ በሳምንት ስንት ቀን ትበላለህ እያለ ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሰጣል። እኔ የማውቀው የሞላ ሰው ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ ነው ያገኘው።

ነጥቡ ውሸት አይደለም። የኢትዮጵያ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ለሕዝቡ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት ከ0.2 ቶን አይበልጥም። የዓለም አማካይ ወደ 5 ቶን ይጠጋል። የአሜሪካው ከ13 ቶን ያልፋል። ስለዚህ ዓለምን ያሞቃት ማነው ከተባለ መልሱ እኛ ሰፈር አይገኝም፣ በዚህ ላይ አንጨቃጨቅ።

ግን ያ ቁጥር የሚቆጥረው ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሲሚንቶ የሚወጣውን ነው። ማገዶ ሒሳቡ ውስጥ የለም። የተመነጠረ ደን የለም። መጠይቁም ላይ ስለ ከሰል፣ ስለ ኩበት፣ ስለ እንጀራ ምጣድ፣ የልብስ እጣቢ የት እንደሚደፋ፣ ፌስታሉ ቦይ ውስጥ ገብቶ ክረምት ላይ ምን እንደሚያመጣ አንድም ጥያቄ አላየሁም። የተሠራው ለሌላ አገር ቤት ነው። እኛ በሱ ተለክተን «ጎበዝ ነን» ብለን መቀመጣችን አልዋጥልህ አለኝ።

እንደኔ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እሳቱ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነደው ከየት መጣ? ቡናው በምን ፈላ? እንጀራው በምን ተጋገረ? በአብዛኛው የአገራችን ቤት ትልቁን የማገዶ ድርሻ የሚወስደው እንጀራ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። እናንተስ? በየቤታችሁ ያለውን በግልጽ ጻፉ፣ ወሎን የሚያውቅ መጠይቅ እዚሁ አብረን እናውጣ።

የሙጋድ እናት (ሙጋድ ሰፈር፣ ደሴ)፦

ልጄ ጥያቄህ ደግ ነው። እኔ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤት የማስረክብ ሰው ነኝ፣ ስለ እሳት ብጠየቅ አላፍርም።

መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ እጋግራለሁ። ጭስ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ልጅ አጠገቤ ቢቀመጥ አልሳቀቅም። ችግሩ ሊጥ አይጠብቅም። አብሲት ጥለሽ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ጫፍ ከደረሰ በኋላ መብራት እልም ሲል ምን ታደርጊያለሽ? ይኮመጥጣል። ስለዚህ የእንጨቱንም ምድጃ አላፈረስኩም። ግን ሦስት ጉልቻ አይደለም፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ነው። ዙሪያው ስለተዘጋ ነበልባሉ ምጣዱን ነው የሚያገኘው። በጉልቻ ጊዜ አንድ ሸክም ይበላ የነበረው አሁን በግማሹ ያልቃል።

የኤሌክትሪኩንም ቢሆን ዝም ብሎ መለኮስ አይደለም። ምጣዱ እስኪግል ብዙ ይበላል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ እያሉ በየቀኑ መጋገር ኪሳራ ነው፣ አንዴ ካሞቁት በኋላ ሊጡን መጨረስ ነው። ሁለት ሦስት እንጀራ ሲቀረኝ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ የመጨረሻዋም ዓይን ታወጣለች። ከዚያ በኋላ ምጣዱ እንደጋለ ገብስ አፈስበታለሁ፣ አክንባሎውን እከድንና እያገላበጥኩ አምሰዋለሁ። የልጆቹ ቆሎ ያለ ተጨማሪ ማገዶ ደረሰ ማለት ነው።

መጠይቁ ላይ ይቺን አስገባት፦ «ምጣዱን ካሞቅሽ በኋላ በአንዴ ነው የምትጋግሪው?»

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ውይይት ያናድደኛል። እናቶች ስንት እንጀራ ሲቀር ሶኬት እንደሚነቅሉ እየቆጠርን ነው። ኮምቦልቻ ኑና የቦርከናን ወንዝ እዩት። ከደሴ ቆሻሻውን ተሸክሞ ይወርዳል፣ እዚህ ሲደርስ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀልበታል። አንዳንድ ቀን ቀለሙ ሌላ ነው። በዚያ ውሃ ሰላጣና ቃሪያ ይጠጣል፣ አትክልቱ ተመልሶ ደሴ ገበያ ይወጣል። ከዚያ ውሃው ወርዶ ጨፋ ይገባል። ጨፋ ማለት በበጋ የኦሮሞውም የአፋሩም ከብት የሚድንበት ረግረግ ነው። መጨረሻው አዋሽ ነው።

ይህን ሁሉ የአንድ ቤት ልማድ አያመጣውም፣ የአንድ ቤት ልማድም አያስተካክለውም። የፋብሪካ ማጣሪያ በትክክል ይሠራል ወይ፣ ማን ይቆጣጠራል፣ ናሙና ተወስዶ ውጤቱ ለሕዝብ ይነገራል ወይ፣ ጥያቄው ይህ ነው። ጣታችሁን ወደ ማጀት አትቀስሩ።

የጦሳ ሥር፦

ቦርከና ወንድምየ፣ ያልከውን ሁሉ እቀበላለሁ። ፍሳሽ የሚለቅ ድርጅት በሕግ መጠየቅ አለበት፣ ለዚህ ፊርማ ካሰባሰብክ የኔን አስቀድም። ግን ራስህ ከደሴ ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል ብለሃል። ያ ቆሻሻ ከየት መጣ? ክረምት ላይ ጎርፉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ የሚጠርገው የኛን ፌስታል፣ የኛን ዳይፐር፣ ከሽንት ቤት ተደብቆ በሌሊት የሚለቀቀውን ነው። እናንተ ከታች ስላላችሁ ይደርሳችኋል እንጂ ከላይ ያለነው እኛ ነን። ሁለቱም ይጠየቅ ነው የምለው።

መረሬ (ደላንታ)፦

የግብርና ሙያ ላይ ነኝ። እዚህ ደጋው ላይ ጥያቄው ከደሴ ይለያል። ዛፍ እንደልብ የለም፣ ከሰል የሚገዛ ሰውም ብዙ አይደለም። የሚነደው ኩበት ነው። በጋ ላይ እበቱ ይሰበሰባል፣ በገለባ ይለወሳል፣ በእጅ ተጠፍጥፎ ሜዳ ላይ ይሰጣል። ከደረቀ በኋላ ዙሪያውን እየተደረደረ ይከመርና ዝናብ እንዳያገባ ላዩ በእበት ይለሰናል። የአንድ ቤት የክረምት ኑሮ ያ ክምር ነው። ማንም ተነስቶ «ኩበት አታንድዱ» ቢል አልሰማውም፣ በምን ይብሰል?

ግን ሒሳቡን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል። እበት የመሬት ምግብ ነው። ሲነድ ናይትሮጅኑ በጭስ ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ አመዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የትም ይደፋል። ከዚያ ግንቦት ላይ ወረፋ ይዘን ዩሪያ እንገዛለን። ዩሪያ ማለት 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ። በምድጃ ያወጣነውን በብር መልሰን እናስገባለን። የወሎ ደጋ አፈሩ ሳስቷል ሲባል አንዱ ምክንያት የጎርፉ ሽርሸራ ነው፣ ሌላው ይህ ነው።

ለዚህ ነው ባሕር ዛፍ በጅምላ ሲረገም የማልስማማው። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ገባ፣ እውነት ነው ውሃ ይወዳል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ማሳ ጠርዝ ላይ ከተተከለ ሰብሉን ያቀጭጫል። ምንጭ ዳር የሚተክለውን ሰው እኔም እከራከረዋለሁ። ግን ለእርሻ በማይሆን ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ ያለው ቤት ኩበቱን ወደ ማሳ ሊመልስ ይችላል። የሌለው አይችልም። ሲቆረጥ እንደገና ማቆጥቆጡም ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ መጠይቃችሁ ላይ «ባሕር ዛፍ አለህ?» ብቻ ከሆነ ጥያቄው ጎደሎ ነው። «የት ነው የተከልከው? እበቱስ የት ሄደ?» በሉ።

አመዱን ደግሞ አትድፉት። ጓሮ ካላችሁ ጎመኑ ሥር በስሱ በትኑ፣ አንድ ቦታ ላይ አትከምሩት።

ሦስተኛ ዓመት (ወሎ ዩኒቨርሲቲ)፦

የከሰሉን ሒሳብ ልጨምር። በኛ አገር ከሰል የሚከሰለው እንጨቱን ከምሮ በአፈር ሸፍኖ ነው። በዚህ አሠራር 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል። አንድ ቤት በቀን 1 ኪሎ ይጠቀማል እንበል። በዓመት 365 ኪሎ ከሰል ነው። እንጨቱ በትንሹ ከ1,800 ኪሎ በላይ፣ ሲበዛ ከ3,600 ኪሎ በላይ ይሆናል። ለአንድ ቤት ቡናና ወጥ።

በባቲ መንገድ ስትሄዱ ዳር ዳሩን በማዳበሪያ ተደርድሮ የምታዩት ከሰል ብዙው የቆላ ግራር ነው። ግራር ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት አይመለስም። ዝናብ አጠር አገር ላይ የቆመ ዛፍ ሲሄድ ጥላው ይሄዳል፣ የፍየሉ መኖ ይሄዳል፣ አፈሩም ይከተላል። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደሴን አንድ ነገር ጠይቁ ብባል የምጠይቀው ከሰል ነው። ፌስታል ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ሁሌ ስለሱ እናወራለን፣ ከሰል ግን ጥቁር አቧራውን ጠርገን እንረሳዋለን።

ስለ ትራንስፖርትም ላንሳ። 1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ ናፍጣ ወደ 2.7። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብቻውን በቤት መኪና የሚወርድ ሰው ሁለት ሊትር ያህል ያቃጥላል፣ ከ4 ኪሎ በላይ ለብቻው ማለት ነው። በሚኒባስ የሚሄደው ለ12 ሰው ስለሚካፈል ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው የሚደርሰው። አብዛኞቻችን በሚኒባስና በእግር ስለሆንን እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

ሐይቅ ዳር (ሐይቅ ከተማ)፦

ወንዙ ተነስቷል፣ ስለ ሐይቁ ግን ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ።

ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወንዝ ቢሆን «ወሰደው» ትላለህ፣ ምንም እንኳ ቦርከና እንዳለው ለሌላ ሰው ቢወስደውም። ሐይቅ ላይ ግን የሚወስደው የለም። ቅዳሜና እሑድ ዳሩን ብታዩት ምንጣፍ ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ባጃጅና ሞተር እስከ ጎማው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይታጠባል። የኦሞው አረፋ ንፋስ እየገፋው ቄጠማው ሥር ይከማቻል። የሞተር ዘይቱ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና እየሠራ ይሄዳል። ከዚያው አጠገብ ጀልባው ቆሮሶ ይዞ ይወጣል፣ እኛም ገዝተን እንበላለን።

ከሳሙናውም ከዳገቱ ከሚታጠበው ማዳበሪያም ውሃ ውስጥ የሚገባው አልሚ ነገር አልጌውን ያፋፋዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ ዓሣው ይታፈናል። አንዴ ካረጀ ውሃውን አፍስሰህ በአዲስ አትሞላውም።

መፍትሔው ሐይቅ አትድረሱ ማለት አይደለም። በጀሪካን ቀድቶ ከዳሩ ራቅ ብሎ አፈር ላይ ማጠብ ነው። አፈሩ ብዙውን ይይዘዋል። ባጃጅ የሚያጥቡ ልጆችን አነጋግሬአለሁ፣ ክፉ ልጆች አይደሉም፣ ቦታ አጥተው ነው። የውሃ ቧንቧና ጠጠር የተነጠፈበት ጉድጓድ ያለው ማጠቢያ ቢሠራላቸው ዛሬውኑ ይሄዳሉ። እስከዚያው ባለ ባጃጆቹ ራሳቸው «ሐይቁ ውስጥ አታጥብልኝ» ቢሏቸው ግማሹ ሥራ አለቀ።

ባለሱቅ (አራዳ፣ ደሴ)፦

ፌስታሉን ለኔ ተውልኝ፣ በየቀኑ የማድለው እኔ ነኝ።

ሕግ የለም የሚል አለ። አለ። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ራሱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል፣ ቅጣትም አለው። ሱቅ ላይ ግን ደንበኛው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣ ለየብቻ ሦስት ፌስታል ይፈልጋል። ካልሰጠሁት ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። ሰኞ ገበያ የሚወጡ እናቶች ዘንቢል ይይዛሉ፣ ሱቅ የሚልኩት ልጅ ግን አይዝም። ልማዱ የተሰበረው እዚያ ላይ ነው። ስኳሩን በወረቀት ጠቅልዬ ስሰጥ የሚቀበለኝ ሰው አለ፣ እየበዛም ነው፣ ዘንቢል ይዞ ለመጣ ደንበኛ ቅድሚያ እሰጣለሁ።

አንድ ነገር ግን በጣም ያሳስበኛል። ከሰል በፌስታል የምታቀጣጥሉ ሰዎች እባካችሁ ተዉት። ማለዳ ሰፈር ውስጥ ስሄድ በየበሩ ነው የማየው። ፌስታሉን ወይም የሃይላንዱን ላስቲክ በክብሪት ይለኩሱትና እየቀለጠ ጠብ ጠብ ሲል ከሰሉ ላይ ያንጠባጥቡታል። ጥቁር ጭሱ ሕፃን ያዘለች እናት ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ከዚያ በዚያው ፍም ጀበና ይጣዳል። ያ ጭስ መርዝ ነው። ቆረቆንዳ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የማሽላ አገዳ ስንት ነገር አለ።

ጡረተኛው (ደሴ)፦

ልጆቼ የምትሉትን እያነበብኩ ነው፣ ደስ ይላል። ከዕድሜ የተነሳ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

በኛ ጊዜ የሚጣል ነገር ትንሽ ነበር። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። ጠርሙስ ጋዝ ይቀዳበታል። አሮጌ ልብስ ልዋጭ ይወስደዋል፣ ቆርቆሮውን ቆራሌ ይወስደዋል። መንገድ የሚሄድ ሰው ስንቁን የሚይዘው በአገልግል ነው፣ አገልግሉ ከናት ለልጅ ይተላለፋል። ቡና እንኳ አንዴ የተወቀጠው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስቴ ይጠጣል። ማንም መጠይቅ አላስሞላንም።

ቆራሌውን አሁንም አታባርሩት። በየበሩ እየጮኸ የሚሄደው ልጅ ከተማውን ከስንት ቆሻሻ እንደሚያሳርፍ የሚያስብለት የለም። ብረቱንና ፕላስቲኩን ለይታችሁ አቆዩለት፣ ከትርፍራፊ ጋር አትለውሱበት።

የጦሳ ሥር፦

አባባ እውነት ብለዋል፣ ልዋጩንና ቆራሌውን መጠይቁ ላይ አስገባለሁ። አንድ ነገር ግን በአክብሮት ልጨምር። ድሮ ሁሉ ደግ ነበር እንዳንል እፈራለሁ። የወሎ ተራራ የተራቆተው ፌስታል ሳይመጣ ነው። የ66ቱንም የ77ቱንም ክፉ ቀን አንቱ በዓይንዎ ያዩት ነው። ዝናቡ መቅረቱና መንግሥት ዝም ማለቱ እንዳለ ሆኖ፣ መሬቱም ቀድሞ ደክሞ ነበር። አሁን እርከን እየተሠራ የተከለሉት ተራሮች ሲያገግሙ እያየን ነው። የጎፍ ተራራ ላይ የቀረውን ጥድና ወይራ ያየ ሰው ይህ አገር ምን ይመስል እንደነበር ይገባዋል።

ጡረተኛው፦

አላጠፋህም። ወይራውን ለጠላ ማጠኛና ለእርጎ ዕቃ እየቆረጥን የጨረስነው እኛው ነን። ቅርንጫፍ ቆርጦ መጠቀም ይቻል ነበር፣ ግንዱን ይገነድሱታል። ይህንንም ጻፍ፣ በወይራ የሚያጥን ሰው አንድ ወይራ ይትከል።

የደሴ ልጅ በስደት (ቨርጂኒያ)፦

ከውጭ ሆኜ ሳነባችሁ እዚህ ያለነውም መጠየቅ አለብን። ያ መጠይቅ የተሠራው ለኔ ነው፣ እናንተ አንደኛ የወጣችሁበት ላይ እኔ ወድቄአለሁ። ሥራ የምሄደው ብቻዬን በመኪና ነው፣ ከሰፈሬ አውቶቡስ የለም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ስመጣ በኔ ድርሻ ከ1 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የጦሳ ሥር ባስቀመጠው ሒሳብ አገር ቤት ያለ አንድ ሰው በአምስት ዓመት የማይሞላውን ነው በአንድ ጉዞ የምጨርሰው። ቤተሰቤን ማየት አላቆምም። ግን ስመጣ የምይዘውን ነገር ቀይሬአለሁ። ድሮ ሻንጣ ሙሉ ልብስ ነበር፣ አሁን ለዘመድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገንዘብ እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ «ምን ላምጣ?» ሲላችሁ ይህን በሉት።

ዝም አልልም (ወልዲያ)፦

እኔ ደግሞ ልብ የሚነካኝን ልናገር። እናቴ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችን። ጀርባዋ ዛሬም ቀና አይልም። አሁን አንድ ሰው መጠይቅ ይዞ መጥቶ «እትዬ ማገዶሽ ደን ያጠፋል» ቢላት ምን ይሰማታል? ድሀ ሌላ አማራጭ ሲያጣ የሚያደርገውን ልማድ ብላችሁ አትጥሩት። ልማድ የሚባለው መምረጥ የሚችል ሰው ያለው ነው።

የሙጋድ እናት፦

እህትየ፣ እናትሽን አላህ ጤና ይስጥልን። እኔም እንጨት ተሸክሜአለሁ፣ የምትይው ይገባኛል። ግን ይህን ነገር የምናወራው ለሷ ብለን ነው ብዬ ነው የማስበው። የማገዶው ግማሽ ሲቀር ግማሹ ሸክም ነው የሚቀረው። ጭሱም እንደዚያው። ስንቷ ሴት ናት ዓይኗ የጠፋው፣ ደረቷ የሚያፍናት?

ሦስተኛ ዓመት፦

እማማ ልክ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደሚሞት ይናገራል፣ ይበልጥ የሚጎዱት ከምድጃ አጠገብ የሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ዝም አልልም ያለችውንም ግን መጠይቁ ውስጥ ማስገባት አለብን። ጥያቄው «ምን ትጠቀማለህ?» ብቻ ከሆነ ድሀን መውቀሻ ይሆናል። «ሌላ ብታገኝ ምን ትመርጥ ነበር? ምን ከለከለህ?» የሚል ይጨመር። መልሱ «መብራት ይጠፋል» ከሆነ ጉዳዩ ወደ መብራት ይሂድ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው፣ በ2017 ጳጉሜን ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። ኃይሉ ንጹሕ ነው። ቀሪው ጥያቄ ሊጡ ኩፍ ባለበት ሰዓት ሙጋድ መድረሱ ነው።

ቦርከና፦

አሁን ተግባባን። ይቺ «ምን ከለከለህ?» የምትለው ከገባች እኔም እሞላለሁ። ከሷ ሥር «ከላይህ ማን ይለቅብሃል? ከታችህ ማን ይጠጣል?» የሚል አድርጉልኝ። ደሴም ትመልስ፣ ፋብሪካውም ይመልስ።

ተከራይ (ሆጤ፣ ደሴ)፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔን የከለከለኝን ልንገራችሁ። አከራዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ አይፈቅዱም። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ «መስመሩ ይቃጠላል፣ ሒሳቡ ይንራል» ይላሉ። ምርጥ ምድጃ እንዳልተክል ደግሞ ኩሽናው ጠባብ ነው፣ ቤቱም የኔ አይደለም። እንጀራ በግዢ፣ ወጥና ቡና በከሰል ነው የምኖረው። እንደኔ ያለ ሰው ምን ያድርግ?

የሙጋድ እናት፦

አከራይሽ አላበዱም፣ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፣ ቀጭን የቆየ መስመር ላይ አይቻልም። እንጀራሽን መግዛትሽም ጥፋት የለውም። ብዙ እንጀራ በአንድ ምጣድ የሚጋግር ሰው ለየቤቱ ከሚለኮሰው ያነሰ ነው የሚያነደው።

ከሰሉን እንቀንስልሽ። በቆርቆሮ ብቻ የተሠራውን ማንደጃ ትተሽ ውስጡ ሸክላ የሆነውን ላቀች የሚሉትን ግዢ፣ ከከሰልሽ ሩቡን ያህል ያተርፍልሻል። ሽሮውንና ቡናውን በተለያየ ሰዓት አትለኩሺ፣ ወጡ እንደወረደ ጀበናውን ጣጂ። ምስርና ባቄላ ማታውን ዘፍዝፈሽ እደሪ። ፍም ከተረፈሽ በአመድ አዳፍኚው።

ለትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ አከራይሽን ለብቻው ጠይቂያቸው። እሱ ከምጣዱ በጣም ያነሰ ነው የሚስበው። የራስሽ ቆጣሪ ንባብ ቢኖርሽ እሺ ይሉ ይሆናል፣ በየተከራዩ የምትገጠም ትንሽ መቁጠሪያ አለች፣ ኤሌክትሪሺያን ያውቃታል።

ተከራይ፦

እማማ ዕድሜ ይስጥልኝ። መቁጠሪያዋን በኔ ወጪ አስገጥማለሁ ብዬ ዛሬ ማታ አነጋግራቸዋለሁ። ላቀቿን ሰኞ ገበያ አገኛት ይሆን?

የሙጋድ እናት፦

ታገኚያታለሽ፣ ሸክላ ሻጮቹ ጋ ሂጂ። ከመግዛትሽ በፊት ሸክላውን በጣትሽ ቆርቁሪው፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ደረቅ ይላል፣ ያንን አትውሰጂ። ሸክላውና ቆርቆሮው መሃል ክፍተት ካለም ይወድቃል። ካልሆነልሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ሰኞ እኔም ጤፍ ልገዛ እወጣለሁ፣ አብረን እናያለን።